ቤዙን የጠጣው ግድግዳ

«ከአንድ ቤት አንድ የተማረ ይበቃል።»

ሃዋኒን ይህን ያላት ታላቅ ወንድሟ ኤቢሳ ነበር፤ እሷ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ለአሥራ አንደኛ ደብተር በምትሸፍንበት ሳምንት። እሱ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበር፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ያጠናል። አባታቸው ታመው ተኝተዋል፤ ቤቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ኤቢሳ ነገሩን በክፋት አልተናገረውም። አውቶብሱ እንዳያመልጠው እየቸኮለ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ፣ እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርጎት ሄደ። ሃዋኒም አልመለሰችለትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሷም ዝም አለች፣ ዝምታዋም ሳይነቅዝ ብዙ ክረምት ቆየ።

አባታቸው አረፉ። ኤቢሳ ተመርቆ እዚያው በሚኖሩባት አምቦ የአንድ መሥሪያ ቤት ክፍል ኃላፊ ሆነ። ሃዋኒ አገባች፣ ለንሳ የምትባል ልጅ ወለደች። ባሏ ጅማ በኩል መንገድ ሥራ ላይ ስለሚውል እሷና ልጅቷ የሚኖሩት በአባታቸው ግቢ ውስጥ፣ ከኤቢሳ ሳሎን ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው። ኮርኒሱ ደግሞ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አንድ ስለሆነ፣ እዚህ ያነጠሰን ሰው ከማዶ «ይማርህ» ይሉታል።

ዘንድሮ ኤቢሳ የቤት ሲኒማ አስገባ። መጀመሪያ አንድ ሰብዉፈር ገዛ፤ ያን ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ እንደ ኮርማ የሚያጓራውን ጥቁር ሳጥን። አንዱ አልበቃ አለው፤ ሁለተኛ ጨመረ። ገመዱን በገዛ እጁ ቀጣጥሎ ሶፋው መሐል ቁጭ ብሎ ሪሞቱን ሲጫን ግን ቤዙ ድራሹ ጠፋ። ሶፋው ላይ የለም፤ ሃዋኒ ክፍል ውስጥ ግን ሳህን ከመደርደሪያ ይወርዳል። ኤቢሳ ሁለት ቀን አሰበበትና ደረሰበት፦ ቤዙን የሚጠጣው ግድግዳው ነው። ግድግዳው ፈርሶ የሃዋኒ ክፍል ከሳሎኑ ጋር ከተቀላቀለ ድምፁ ይመለሳል። ግንበኛ ተጠራ፤ ሐሙስ ዕለት በገመድ ለካ፣ ሰኞ ሊያፈርስ ተቀጠረ። ሃዋኒና ለንሳ ሸነን ወዳሉት የባሏ ቤተሰቦች እንዲሄዱ ተወሰነ።

ይህን ሁሉ ለሃዋኒ የነገራት የለም። እሷ ግን በዓይኗ ታያለች፣ በኮርኒሱም ትሰማለች። ደግሞም ማንም ሳያውቅ፣ በመስከረም አሥራ አንደኛ ክፍልን በኤክስቴንሽን ልትጀምር ተመዝግባለች። ክፍሏ ከፈረሰች ትምህርቱም አብሮ ፈረሰ።

እህትን ፊት ለፊት «ውጪ» ማለት ያስነውራል። ስለዚህ ኤቢሳ እንደ ቤተሰቡ ወግ ትልቅ ሰው ላከ፤ የአባታቸውን እህት፣ «አዳዳ» የሚሏቸውን ወይዘሮ ፋንቱን፣ ከጊንጪ አስመጣ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ፋንቱ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ሃዋኒ ደጃፍ ቆሙ። ኤቢሳ ሳሎኑ ውስጥ ፊልሙን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ከፍ አድርጎ ተቀምጧል። መልእክተኛዋ ገና ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ፣ በቀን አሥር ቃል የማትናገረው ሃዋኒ ጀመረች።

«አካም ጅርቱ አዳዳ! ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ። እዚህች በርጩማ ላይ ይቀመጡ፣ እሷ አትወዛወዝም። ጃንጥላዎን ወዲህ ይበሉ። ጊንጪ ዘነበ? እኛ ጋ ከትናንት ጀምሮ አላባራም። ሚኒባሱ መቼም አጣቦ ሰው ላይ ሰው ጭኖ ነው ያመጣዎት፤ ጉልበትዎን እንኳ መዘርጊያ አላገኙ ይሆናል። ጤፉስ ተዘርቶ አለቀ? እግዜር ያብቅለው፣ ከበረዶ ይሰውረው። እሺ፣ ሻይ ደርሷል፣ ቆሎም አለ፤ ጥርስዎ ከፈቀደ።

ለንሳ? ይቻት ተኝታለች። ሁለት ጥርስ አወጣች አዳዳ፣ ከታች። አንዷ ብቻ ሳለች ምንም አትነክስም ነበር፤ ሁለት ሲሆኑ ግን… ወይ ጉድ! ሁለት ነገር መልካም ነው፤ ከተግባቡ።

እንዴ፣ ሻይዎ ተንቀጠቀጠ? አይደንግጡ፣ እጅዎ አይደለም። እርስዎ ገና ጠንካራ ነዎት። እኛ ቤት ሻዩ ራሱ ይጨፍራል።»

ወይዘሮ ፋንቱ ብርጭቆውን አየት አድርገው አፋቸውን ከፈቱ። ሃዋኒ የቆሎውን ሳህን አቀረበችላቸው።

«ይዝገኑ፣ ይዝገኑ። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባል የለ? የኛ ግድግዳ እንኳ ሆድም አለው አሉ። ይጠጣል! ምን እንደሚጠጣ ይገምቱ እስቲ። ውሃ? ውሃማ በክረምት የማን ግድግዳ የማይጠጣ አለ። የኛው የሚጠጣው ድምፅ ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እኔ ምን አውቄ! የተማሩ ሰው ናቸው ያሉት።

በዚሁ ሰፈር አንድ ሰው አሉ አዳዳ። ስማቸው ይቅር… ስም ምን ያደርጋል። እንዲያው ደግ ሰው ናቸው። ደግሞ የተማሩ! ዲግሪያቸውን በመስተዋት አሠርተው ሰቅለውታል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ወንበር ሳይሆን ዲግሪው ነው የሚቀርብለት። እኔ አቧራውን በሳምንት ሁለቴ ስለምወለውል በደንብ አውቀዋለሁ። «ኤሌክትሪካል» ይላል፣ በወርቅ ቀለም። ሲያምር! ከሩቅ ላየው ሰው እኮ ራሱ መብራት ነው።

እኚህ ሰው ፊልም ይወዳሉ፤ ምን አለበት፣ ደክመው ነው የሚገቡት። ፊርማ ቀላል ነው እንዴ? ታዲያ በአንድ ሰብዉፈር ጀመሩ። አንዱ ግን አድልዎ አለበት አዳዳ። ጥግ የተቀመጠውን እንግዳ ጆሮውን ያደነቁረዋል፣ በር ጋ የተቀመጠው ደግሞ ምንም አይደርሰው። አንዱ ጠግቦ ሲያገሳ ሌላው ጦሙን እንደማደር ያለ ነገር። እኚህ ሰው ይህን አይተው አዘኑ። አንጀታቸው አልቻለም። ሁለት ያስፈልጋል አሉ፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ፣ ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሁሉ እኩል እንዲደርሰው። እኩል! ዛሬ እንዲህ ያለ ፍርድ ከየት ይገኛል? ለሶፋ እንዲህ የራራ ልብ፣ ለሥጋ ዘመድማ እንዴት ይሆን?

«አንድ ይበቃል» ብለው መተው ይችሉ ነበር እኮ። አንድ ይበቃል ተብሎ የቀረ ስንት ነገር አለ… እርስዎም ያውቁታል፣ ያኔ እዚሁ ነበሩ። ግን ሰብዉፈር ሌላ ነው። ሰብዉፈር ሲሆን አንድ አይበቃም። ይሄን መለየትም ትምህርት ይጠይቃል።»

ወይዘሮ ፋንቱ ትን አላቸው። ያን ጊዜ በዚያ ቤት የበሽተኛውን ራስ ደግፈው የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ፤ ደብተሩንም አይተዋል፣ ቃሉንም ሰምተዋል። ሃዋኒ ጀርባቸውን ቸብ ቸብ አደረገችላቸውና ቀጠለች። ወንድሟን ከልጅነቷ ጀምሮ «አንተ» ስትል ኖራ ዛሬ «እሳቸው» ማለቷ እንደ ስኳር አፏ ላይ ይጣፍጣት ጀምሯል።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባላል። እሳቸውም ተከሉ። ሰው አላስቸገሩም። ባለሙያ ጠሩ? ምን ሲደረግ! ባለሙያ ለባለሙያ ይጠራል? በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። ገመዱ አጠረ፣ ቀጠሉት። ቀጥለው በጥቁር ናስትሮ ጠመጠሙት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነው ነገሩ፤ እሳቸው እንደሆነ ተምረው ጨርሰዋል፣ የቀራቸው መጠምጠሙ ብቻ ነበር።

ከዚያማ ሶፋው መሐል ቁጭ… ሪሞቷን ጫን… ፊልሙ ጦርነት ነው፣ መቶ ፈረስ በአንድ ላይ ይጋልባል። ኮቴው ግን? የጫጩት! ጫ ጫ ጫ! ብድግ ብለው ጥግ ይሄዳሉ፣ ፈረሱ አለ። ተመልሰው ይቀመጣሉ፣ ፈረሱ የለም። ሲነሱ ሲቀመጡ ሲነሱ ሲቀመጡ ፊልሙ አለቀ። በዓቢይ ጾም እንኳ ያን ያህል አልተሰገደም።

ፈረሶቹ የት ገቡ አይሉኝም? እዚህ! መቶውም! ሳህኔ ላይ፣ ብርጭቆዬ ላይ፣ የዚች ምስኪን አልጋ ላይ ነው የጋለቡት። ልጅቷ ገና መዳህ ሳትችል ጦር ሜዳ ዋለች።

የተማረ ሰው ታዲያ ዝም አይልም፣ ያስባል። አሰቡ። ሶፋው ላይ የለም፤ ማዶ አለ፤ ስለዚህ ግድግዳው ጠጥቶታል፤ ስለዚህ ግድግዳው ይፍረስ! እንዴት ያለ አእምሮ ነው? አዳዳ፣ እርስዎ ገበሬ ነዎት። ላም ጎረቤት ግቢ ገባች ተብሎ የጎረቤት ቤት ሲፈርስ አይተዋል? ላሟን «ነይ» ብሎ መመለስ እያለ? እኔም አላየሁ። ግን እኛ ምን አየን፣ እርስዎ ጊንጪ እኔ አምቦ።

አባባ «የተማረ ይግደለኝ» ይሉ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር። የመረቅኩትን ግድግዳ የተማረ ያፍርሰው ማለታቸው እንደሆነ ግን አልጠየቅናቸውም። አይ… የመረግኩትን ማለቴ ነው። ምላሴ ነው።

እኔ አንድ ቀን ልናገር ሞክሬ ነበር፣ ረቡዕ ዕለት። «ገመዱ እኮ…» ከማለቴ «ይሄ የሊጥ ጉዳይ አይደለም» ተባልኩ። ደግሞ በሳቅ፣ በፍቅር። እውነት ነው። ሊጥ ሌላ ነው። ሊጥ እንኳ ሳይቦካ ሲቀር ሰው ቡሃቃውን ነው የሚያየው፣ ማድቤቱን አያፈርስም። ይሄው ነው የኔ እውቀት። ግን ለጨዋታ ያህል አንድ ነገር ላሳይዎ፣ ሻይዎን እየጠጡ።»

ሃዋኒ የልጅቷን ጨርቅ ልታለቀልቅበት ውሃ የሞላችውን ሳፋ ጎትታ አክስቷ እግር ሥር አስቀመጠች። ውሃው እስኪረጋ ጠበቀች። ግድግዳው አጠገብ ተንበርክካ ስለነበር ድምፅዋን ከፍ ማድረግ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ግን ከፍ አደረገችው።

«ይዩ አዳዳ። ከግራና ከቀኝ ሁለት ጣቴን እኩል ነከር፣ እኩል መዘዝ ሳደርግ… መሐሉን ይመልከቱ። ከዚህም ከዚያም የመጣው ሞገድ ተገናኝቶ ጉብ ይላል። ተደጋገፈ ማለት ነው። አሁን ደግሞ አንዱ ሲገባ ሌላው ይውጣ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይሳብ… መሐሉስ? ጭጭ! ሁለቱም ይለፋሉ፣ ዳር ዳሩ ይናወጣል፣ መሐል ላይ ግን ጠብ የሚል የለም።

ይሄን ያሳየን መምህር ሌንጂሳ ነው፣ እንዲህ ባለች ሳፋ። ስንተኛ ክፍል መሰለዎት? አሥረኛ! ዩኒቨርሲቲ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ዩኒቨርሲቲማ ከፍ ከፍ ያለውን ነው የሚያስተምሩት፤ እንዲህ ያለውን ውዳቂ ትምህርት ለእንደኔ ዓይነቷ ትተውት ይሆናል።

ሳጥኑም እንደ ጣቴ ነው። ሁለቱ አብረው ካልገፉ፣ መሐል ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው የጫጩት ኮቴ ይሰማል። ካንዱ ሳጥን ጀርባ የተጣለ ሰው ግን፣ ለምሳሌ ልጅ ታቅፎ ግድግዳ ማዶ የተቀመጠ፣ ያንን አንዱን ሙሉውን ይቀበላል። የሚያጣፋለት የለማ! ታዲያ ይሄ ጭቃ ምን በላ ምን ጠጣ? ያለ ስሙ ስም ሰጡት እንጂ።

ሳጥኖቹም ምን አጠፉ? ካንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ካንድ እናት እንደተወለዱ ያሉ ናቸው። ሁለቱም ድምፅ አላቸው። አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ያደረጋቸው ሰው ነው። አንዱ ወደ ኋላ ሲቀር ደግሞ የፊተኛውም አይሰማ… በሳጥን ነው የምልዎት አዳዳ፣ በሳጥን።

ወለሉን ስወለውል አይቼዋለሁ። ናስትሮው ተልጦ ነበር። ቀይ ሆኖ የገባው ሽቦ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ጥቁር ሆኖ የገባው ቀይ ሆኖ ይወጣል። እኔም ለራሴ ምን አልኩ? ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ማገናኘት ማንም መሃይም የሚያደርገው ነው፤ እንዲህ መስቀለኛ አድርጎ ለማሰር ግን አምስት ዓመት መማር ያስፈልጋል አልኩ። ምክንያት ቢኖራቸው ነው እንጂ…»

ማዶ ፈረሶቹ ቆሙ። ፊልሙ ተቋርጧል። ከግድግዳው በስተጀርባ የሶፋ ስፕሪንግ ሲጢጥ ማለት ተሰማ፤ የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ይሁን ተደላድሎ አይታወቅም። ወይዘሮ ፋንቱ ወደ ግድግዳው አዩ፣ ወደ ሃዋኒ አዩ፣ ከዚያ ወደ ሻያቸው።

«ምነው ዝም አሉ? የሚነግሩኝ ነገር ነበር እንዴ? በኋላ ይነግሩኛል፣ ማን ያስቸኩለናል። ሰኞ ብቻ ግንበኛ ይመጣል ሲባል የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ዕለትማ ራሴ አየሁት፤ ይቺን ክፍል በገመድ ሲለካ። አልጋዬን ለካ፣ መደርደሪያዬን ለካ፤ እኔንና ልጅቷን ብቻ ነው ሳይለካ የሄደው። በዚህ ዝናብ የጭቃ ግድግዳ ማፍረስ ደግሞ ብልሃት ነው፤ ጣሪያውም ተከትሎ ይመጣል፣ ያኔ ፈረሶቹ ወደ ሰማይ ይወጣሉ።

ሸነን ጥሩ አገር ነው። የባሌ እናት ይወዱኛል፣ ቅቤውም አይጠገብም። እኔ የተመዘገብኩት ግን እዚህ ነው አዳዳ። አሥራ አንደኛ ክፍል። በመስከረም። ይቺን ልጅ አስተኝቼ፣ እዚህች አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ላጠና። ለሰው አልነገርኩም ነበር፣ ይኸው ለእርስዎ ነገርኩ። ለእርስዎ ብቻ ነው ታዲያ፣ ማንም እንዳይሰማ!»

ይህን ስትል አፏ ከግድግዳው አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

«እኔ አልቀየምም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ ይነከርበት። ልጡ ይለሰልስ ይሆናል፣ ጠበሉም አይረክስ። ለእኚህ ሰው ክፉ ተመኝቼ አላውቅም። ዲግሪያቸውን ስወለውል ሁልጊዜ እመርቃቸዋለሁ። ኑ አብረን እንመርቃቸው፣ መዳፍዎን ወደ ላይ…

እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ሶፋቸውን ያሙቅላቸው። እንግዳ አያሳጣቸው፣ እንግዳ ፊትም አያሳፍራቸው። የተማሩትን አያስረሳቸው… ቢያስረሳቸውም ግድ የለም። የኔ ጌታ ሩቅ አገር ሄደው እንዳይንከራተቱ፣ የሰው ደጅ እንዳይጠኑ፣ እዚሁ ቅርባቸው፣ ግድግዳ ማዶ፣ ከአሥረኛ ክፍል የቀረች አስተማሪ አያሳጣቸው። አሜን ይበሉ እንጂ አዳዳ!»

ወይዘሮ ፋንቱ አሜን ማለት አልቻሉም። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከዓይናቸው የሳቅ እንባ ይወርዳል።

ከማዶ ናስትሮ ሲላጥ ተሰማ፣ ጥርርር ብሎ። ቆየት ብሎ ፊልሙ እንደገና ተጀመረ፤ ፈረሶቹ ሳሎኑ መሐል፣ ሶፋው ላይ፣ በሙሉ ኮቴያቸው ደረሱ። ወዲያው ድምፁ ተቀነሰ፤ ለካስ ያን ያህል ከፍ ያደርገው የነበረው ቤዙን ስላጣው ኖሯል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኤቢሳ በስልክ ሲነጋገር ድምፁ በኮርኒሱ ላይ ተንሸራቶ መጣ፤ ግንበኛውን ሰኞ እንዳይመጣ፣ ሌላ ቀንም እንዳይመጣ፣ ነገሩ በሌላ መንገድ እንደተፈታ ይነግረው ነበር። በምን መንገድ እንደሆነ አላብራራለትም።

ወይዘሮ ፋንቱ መልእክታቸውን እንደያዙ ሄዱ። ሃዋኒ ጃንጥላቸውን ይዛ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘቻቸው፤ መንገዱን ሙሉ ሁለቱም ስለ ጤፍ ብቻ አወሩ። ስትመለስ የኤቢሳ በር ገርበብ ብሏል። እሱም አልወጣ፣ እሷም አልገባች።

ለንሳ ነቅታ ጥርሷን በጣቷ ትነካለች። ሃዋኒ አቅፋ ጀርባዋ ላይ አዘለቻትና ግድግዳውን ጥግ ጥጉን በጣቷ አንኳኳች፤ የጭቃ ቤት ሚስማር የሚይዘው ምሰሶው ላይ ነው። ድምፁ ጠጠር የሚልበትን ቦታ ስታገኝ የደብተር ቦርሳዋን የምትሰቅልበት አንድ ረጅም ሚስማር አቁማ፣ በዘነዘናው ጀርባ ሦስት ጊዜ መታችው።